በዓይኔ ያየሁት ፍጹም ቅጣት ምት

ይህን ነገር ራሴ ልንገራችሁ ያልኩት ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ብዬ ነው። ከአዋሽ እስከ ሰርዶ ባለው መንገድ ላይ የምትኖሩ ግን ይህን ገጽ እለፉት። እናንተ ቀድማችሁ ሰምታችኋል፤ ያውም ከእኔ አሳምራችሁ ነው የምታውቁት። በዚያ ቀን የለበስኩት ሸሚዝ ቀይ እንደነበር እንኳ ታውቃላችሁ።

ሰመራ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የደጋ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ተመድቤ ስመጣ ሁለት ጋቢ ይዤ ነበር የመጣሁት። ይህን የሰሙ የሥራ ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ለእንግዳ ሁሉ ይተርኩታል። አንዱን ጋቢ መስኮት ላይ ለፀሐይ መከላከያ ሰቀልኩት፤ ሌላውን ለማን እንደሰጠሁት ረሳሁ። ይሄው ገና ነገሬን ሳልጀምር ስለ ጋቢ ማውራት ያዝኩ። ሰው የሚያሳፍረውን ነገር ሊናገር ሲል ዳር ዳር ማለቱ አይቀርም።

የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ሐጂ ሁመድ ይባላሉ። ስድሳን ዘለል ያሉ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጣቸው ላይ አቧራ የማያርፍ የአፋር ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸውም፣ ዘመዶቻቸውም፣ ግመሎቻቸውም ያሉት አዋሽ ነው። ልጃቸው ያሲን ደግሞ በረኛ ነው። የሰፈር በረኛ እንዳይመስላችሁ! በአገሪቱ በትልቁ ሊግ ከሚጫወቱት ክለቦች ለአንዱ የፈረመ በረኛ ነው። የክለቡን ስም አልጠራም፤ የደረሰበት ይበቃዋል።

እኔ ድሮ ማሸነፍ የለመደ ክለብ ደጋፊ ነበርኩ። ደልቶኝ፣ ኮርቼ፣ ሰው ላይ እየሳቅኩ እኖር ነበር። ከሐጂ ጋር ከተዋወቅኩ በኋላ ግን በይሉኝታ ያሲን ያለበትን ክለብ መደገፍ ጀመርኩ። ያ ክለብ ዓመቱን ሙሉ አንድም ሳምንት ከወራጅ ቀጠና ቀና አላለም። በሰላም የምኖር ሰውዬ ሰኞ ሰኞ ፊቴ ጠቁሮ ቢሮ መግባት ጀመርኩ።

ሐጂ ጨዋታ አያዩም። አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ያ ሁሉ ሰው ኳስ የሚለጋው ወደ ልጄ ነው» አሉኝ። «ልጄ ሲደበደብ ቁጭ ብዬ ልይ?»

ስለዚህ እኔ አይቼ እነግራቸው ጀመር። ጨዋታ ባለ ቀን ከእንድሪስ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት እቀመጣለሁ። እንድሪስ የወሎ ሰው ነው፤ ሻዩ ጥሩ ነው፤ ወንበሩ ግን አንድ እግሩ አጭር ነው፤ የሁሉም። ጨዋታው ሲያልቅ ሐጂ ይጠሩኛል፤ ጥላ ሥር ቁጭ እንላለን፤ ይጠይቁኛል።

«ተሰለፈ?»

«አልተሰለፈም።»

«አየኸው ወይስ ሰማህ?»

«አየሁት ሐጂ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር።»

«ፊቱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፤ ማስቲካ ያኝክ ነበር።»

በሦስተኛው ቀን የያሲን እናት ከአዋሽ ስልክ አስደወሉ። ልጄ ማስቲካ የሚያኝከው ምግብ ስለማይሰጡት ነው ወይ ብለው ተጨንቀው ነበር። ሜዳ ዳር የታኘከች አንዲት ማስቲካ በእኔ አፍ ሰመራ ገብታ፣ ከሰመራ ተነሥታ አዋሽ ደርሳ፣ የእናት እንቅልፍ ነስታለች። ያን ጊዜ ነበር መጠንቀቅ የነበረብኝ።

ዳጉን ለማታውቁ ላስረዳ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንዴት ነህ፣ ደህና ነኝ» ተባብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ግመል እንደጠፋ፣ ይህንንም የት እንዳየው፣ ካላየው ከማን እንደሰማው ይናገራል። የሰማው ሰው ደግሞ ቀጥሎ ላገኘው ያንኑ ያቀብላል። ይህ ነው ዳጉ። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም፤ ቤቱ ተቃጥሎ ቢጮህ እንኳ ጎረቤቱ መጀመሪያ ጭሱን ካላየ አይነሣም። ሐጂ ሁመድ ደግሞ በዚህ የተመሰገኑ ናቸው። «ሐጂ ናቸው ያሉት» ከተባለ ክርክሩ እዚያው ይቆማል። ሀብታቸው ይህ ስማቸው ነው።

ወደ መጨረሻው ጨዋታ ልምጣ። ክለባችን ከሊጉ እንዳይወርድ አቻ መውጣት ይበቃዋል። በዚህ ላይ ዋናው በረኛ አውራ ጣቱን ተጎዳ፤ ያሲን ሊሰለፍ ነው! ዓመቱን ሙሉ እንደ እኔው ተቀምጦ ሲመለከት የከረመ ልጅ፣ በመጨረሻው ቀን የክለቡ ነፍስ እጁ ላይ ወደቀች። እንድሪስ «ወላሂ ዛሬ ሻይ በነፃ ነው!» ብሎ ፎከረ። ሰው ሲበዛበት በግማሽ ብርጭቆ አደረገው። እኔ ቀይ ሸሚዜን ለብሼ ፊት ተቀመጥኩ። ሐጂ ደጅ ጥላው ሥር ለሻይ ቤቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

ያሲን ምን ልበላችሁ! አንዱን በእግሩ መለሰ፣ አንዱን በደረቱ፤ አንዷ እንኳ በፊቱ ናት። ባዶ ለባዶ። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አንዱ ተከላካያችን ኳሷን በእጁ ነካ። ለምን ነካት? እጁን ምን አሰቀለው? ዳኛው ወደ ነጥቡ አመለከተ። ፍጹም ቅጣት ምት። መቺው ኳሷን አስቀመጠ፤ ወደ ኋላ ሄደ፤ ያሲን እጆቹን ዘረጋ፤ መቺው መጣ…

መብራት ጠፋ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ የተነሣውን ጩኸት አልነግራችሁም። ሁላችንም ስልካችንን አወጣን። ሰመራ ላይ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩን አስከትሎ ነው የሚሄደው። እኔ መቀመጥ አቃተኝ፤ ወጣሁ። ሐጂ አሁንም አልዞሩም።

«ምን ሆነው ነው የጮሁት?»

«ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን።»

«እሱ ምንድን ነው?»

«ኳሷን ከያሲን ፊት ያስቀምጡና አንዱ ይመታታል። ማንም አይረዳውም።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

ያን ጊዜ ዞሩ። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «እሺ፣ ከዚያስ?» አሉኝ።

መብራት ጠፋ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። የምታስቸግርም አይደለችም፤ ሰመራ ውስጥ በየቀኑ የምንላት ናት። ግን የዚያን ሽማግሌ ፊት ሳይ አፌ ከእኔ ቀደመ።

«አዳነው!» አልኩ።

«አየህ ወይስ ሰማህ?»

«በዓይኔ በብረቱ! ወደ ቀኙ ተወርውሮ፣ በሁለት እጁ! አቻ ወጣን፣ ተረፍን!»

ወደ ቀኙ በል ያለኝ ማን ነው? ሁለት እጅ ማን ጠየቀኝ? ውሸት ብቻዋን መሄድ አትወድም፤ አጃቢ ትፈልጋለች። ደግሞ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያዳነው እንደሆነስ ብዬ አስቤ ነበር። መብራት ሲመጣ እውነት ሆኖ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው እጄን ስመው እንደ ጎረምሳ እየተራመዱ ወደ አስፋልቱ ሄዱ።

መብራት መጣ። ገብቷል። አንድ ለባዶ፤ ክለባችን ወርዷል። ደግመው ሲያሳዩት ያሲን በእርግጥ ወደ ቀኙ ነው የተወረወረው፤ ኳሷ ግን በግራው ገባች። «እንግዲህ ግማሹ እውነት ነው» ብዬ ራሴን ላጽናና መሞከሬን ስነግራችሁ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ሮጬ ወጣሁ። ሐጂ አስፋልት ዳር ከአንድ ወደ ሎጊያ ከሚሄድ ዘመዳቸው ጋር ቁጭ ብለው፣ ተነጋግረው ጨርሰው፣ ሰውየው ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ደረስኩ። ባጃጁ ሄደ። እኔም ለነገ አሳደርኩት።

በማግስቱ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ስመጣ ሐጂ ፍየል አርደው፣ አንድ ሙሉ እግር በሳፋ ይዘውልኝ በር ላይ ቆመዋል። «ያንተ ድርሻ ነው፣ ዓይንህ ይባረክ!» አሉኝ። በላሁ። ለምን እደብቃችኋለሁ፣ አጥንቱንም ጋጥኩ።

እንዴት ሌላ ሰው አልነገራቸውም ትሉኝ ይሆናል። ሻይ ቤት የነበረው ሁሉ ጨዋ ነው። ለሐጂ አዝኖላቸው ስለ ኳስ አፉን ዘጋ። አንድ ሰው ብቻ «አላህ ያጽናዎት ሐጂ» ሲላቸው «አሚን፣ አንተንም» ብለው በፈገግታ አለፉ። ሰውየውም «እንዴት ያለ ኢማን ነው!» እያለ ሲደነቅ ሰማሁት። እኔ መዝገብ ቤት ገብቼ የተቆለሉ ፋይሎች ጀርባ ተቀመጥኩ። ለዓመታት የጠፉ ፋይሎችን ያገኘሁት በዚያ ሳምንት ነው። አለቃዬ በትጋቴ አመሰገነኝ።

በሦስተኛው ቀን እንድሪስ እየሳቀ ወሬ አመጣልኝ። አዋሽ መናኸሪያ አንድ ትኬት ቆራጭ ውጤቱን ከስልኩ አይቶ «ክለቡ ወርዷል፣ ያሲን ገብቶበታል» ብሎ ይናገራል። ሽማግሌዎቹ «ሐጂ ሁመድ በዓይኑ ካየ ሰው ሰምቻለሁ ብሏል፤ አንተ ከማን ሰማህ?» ይሉታል። ስልኩን ያሳያቸዋል። «ስልኩ አይቷል?» ይሉታል። ልጁ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። በመጨረሻ ሐሰተኛ ወሬ አሰራጭተሃል ተብሎ አንድ ፍየል ተቀጣ።

«አጃኢብ እኮ ነው!» አለ እንድሪስ ዕንባው እስኪወርድ እየሳቀ። «እንዲህ አድርጎ የቀደደው ሰውዬ ማን እንደሆነ ባወቅኩ!»

«እኔም ባወቅኩ» አልኩ። ሻይዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

በአራተኛው ቀን ሐጂ መዝገብ ቤት ድረስ መጡ። መጥተው አያውቁም። ስልካቸው እጃቸው ላይ ነው።

«ያሲን ደወለ» አሉ። «እስከ ዛሬ ስልኩን ዘግቶ ነበር። አባቴ፣ ገባብኝ፣ በእኔ ምክንያት ወረድን ብሎ አለቀሰ።»

የያዝኩትን ፋይል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«እኔም አትዋሽ አልኩት። ያየ ሰው አለ አልኩት። አባቴ እውነቴን ነው ሲለኝ ስልኩን ዘጋሁበት።» ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ልጄ ዋሽቶኝ አያውቅም። አንተም ዋሽተኸኝ አታውቅም። አሁን ማንኛችሁን ውሸታም ልበል?»

እንዲህ ካለ ጥያቄ ፊት ከመቆም የሰመራ ፀሐይ ላይ ራቁት መቆም ይሻላል። «ሐጂ» አልኩ። «አላየሁም። መብራት ጠፍቶ ነበር።»

ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ዱላውንም ጠበቅኩ፤ እውነቴን ነው፣ ዱላው ቢያርፍብኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ወለሉ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ልጄን ውሸታም አልኩት» አሉ። ከዚያ ብድግ ብለው «ነገ ከሰዓት አዋሽ ይገባል። ሰው ሊቀበለው ይወጣል። አዳንክ ብለው ሲዘፍኑለት ምን ይሆናል? ጠዋት እንሄዳለን። ወሬው በሄደበት መንገድ ሄደን እንመልሰዋለን» አሉ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሐጂ በሚያውቁት ሚኒባስ ተሳፈርን። ሹፌሩ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ አፋርኛ ግን አሳምሮ ያውቃል። የመጀመሪያው ማረፊያ ሎጊያ ሆነ። ያ በባጃጅ የሄደው ዘመድ ወጣ፤ ቁጭ አልን። ሐጂ በአፋርኛ ተናገሩ፤ ከዚያ ወደ እኔ አመለከቱ። እኔ በአማርኛ «ያልኩት ሐሰት ነው፤ አላየሁም» አልኩ። ሰውየው አልተቆጣም። ያን ቀን የተነገረውን ሊያረጋግጥ ብሎ ደገመው፤ ወደ ቀኙ፣ በሁለት እጁ፣ በዓይኔ በብረቱ። ልቅም አድርጎ።

ሚሌ ላይም ያው ነው። አዳይቱ ላይም ያው። እኔ የምፈራው ወሬው በመንገድ አብጦ፣ ያሲን ሦስት ግብ አገባ ተብሎ እንዳይሆን ነበር። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ እኮ አንድ ነገር ከእኔ ክፍል ወጥቶ ኮሪደሩን እስኪሻገር ሌላ ነገር ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ግን ውሸቴን እንደ አደራ ዕቃ ይዘው፣ አንዲት ቃል ሳይጨምሩ፣ አንዲት ሳይቀንሱ፣ አዋሽ ድረስ አድርሰውልኛል። ቢጨምሩበት ኖሮ ጥፋቱን እካፈላቸው ነበር። ሁሉም የእኔ ነበር።

ተሳፋሪዎቹ መጀመሪያ «ኧረ እንሂድ፣ ምንድን ነው በየቦታው መቆም!» ብለው አጉረመረሙ። ነገሩን ሲረዱ ግን አዳይቱ ላይ ከእኛ ቀድመው ወርደው ጥሩ ጥሩ ቦታ ይዘው ተቀመጡ። አንዲት እናት የግመል ወተት በቅል ሰጡኝና በአማርኛ «ጠጣ ልጄ፣ የሚጠብቁህ ገና ብዙ ናቸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ገዋኔ ስንደርስ ሰዎች አስፋልት ዳር ቁጭ ብለው እየጠበቁን ነው። ዳጉ ሚኒባሳችንን ቀድሞታል። አንዱ ሽማግሌ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው አዩኝና «ቀይ ሸሚዙን አልለበስክም?» አሉኝ።

በየቦታው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። አይሰድቡኝም፣ አይረግሙኝም። «ምን አገኘህበት?» ይሉኛል። ሎጊያ ላይ ዝም አልኩ። ሚሌ ላይ «ሐጂን ደስ ላሰኝ ብዬ ነው» አልኩ። አዳይቱ ላይ ይህን ልደግም ስል ሐጂ አዩኝና አቆምኩ። ገዋኔ ላይ «አንድ እግር ሥጋ» አልኩ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ልስቅ አልቻልኩም።

አዋሽ ስንገባ ሰዉ ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ የያሲን እናት መሐላቸው አሉ። ትኬት ቆራጩም አለ። ቆሜ ተናገርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ስጨርስ ትልቁ ሽማግሌ «ሐጂ ሁመድ ከማን እንደሰማ ተናግሯል። የሰማውንም እንዳለ አቀብሏል። ሐጂ ላይ ነገር የለም» አሉ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የትኬት ቆራጩ ፍየል ይመለስ ተባለ፤ ሐጂም ከራሳቸው አንድ ጨመሩለት። እኔ የእኔን ቅጣት ጠበቅኩ። ፍየል ቢሉኝ ፍየል፣ ግመል ቢሉኝ ደሞዜን በዕዳ አስይዤ ግመል። ማንም ምንም አላለኝም።

ያሲን ከአዳማ በሚመጣው መኪና ደረሰ። በቴሌቪዥን ካየሁት ይረዝማል፤ ይቀጥናልም። ሰዉን ሲያይ ወደ መኪናው የሚመለስ መሰለኝ። አባቱ ሄደው እጁን ይዘው አመጡትና መሐል አስቀመጡት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ እንደ ማንኛውም ከሩቅ እንደመጣ ሰው ያየውን ጠየቁት። አጠገቤ የተቀመጠው ትኬት ቆራጭ ቃል በቃል ተረጎመልኝ፤ ያስቀጣሁት ሰው።

ያሲን ሁሉንም ተናገረ። በእግሩ የመለሳትን፣ በፊቱ የመለሳትን፤ ፍጹም ቅጣት ምቱን፤ ወደ ቀኝ መሄዱን፤ ኳሷ በግራ መግባቷን፤ ሣሩ ላይ መተኛቱን። አልቀነሰም፣ አልጨመረም። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጨዋታ ለማየት ያልደፈሩት አባት ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ ሳይነቅሉ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ሊመታ ሲመጣ ፈራህ?» አሉት።

«ፈራሁ።»

«ግን ቆምክ?»

«ቆምኩ አባቴ።»

ሐጂ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ወሬው ይህ ነው» አሉ። «ልጄ ብቻውን ቆመ። ኳሷ ገባች። ውሰዱት።» የያሲን እናት እልል አሉ፤ ሴቶቹም ተከተሏቸው። እልልታው አዳነ ለተባለው ያሲን አልነበረም፤ እዚያ ለተቀመጠው ነበር። እኔ ለዚያ አባት እውነቱ እንደማይበቃቸው አድርጌ ነበር የገመትኳቸው። ከውሸቴ ይልቅ ይህ ንቀቴ አሳፈረኝ።

ሰዉ ሊበተን ሲል ሽማግሌው «ወደ ሰመራ የሚሄደው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ወሬውን የሚያደርስ ሰው ይፈለጋል። ትኬት ቆራጩ ተረጎመልኝ፤ እጄን አወጣሁ። የምሄደው እኔ ነኛ! ሽማግሌው አዩኝ። ክፉ ዓይን አልነበረም፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ዕቃ እንደማየት ነበር። አልፈውኝ ሹፌሩን ጠሩት። ያንን የኮምቦልቻ ሰው ቁጭ አድርገው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩት፤ አስደገሙት፤ «ባረከላህ» አሉት። ሐጂ ልጃቸው ዘንድ ሊሰነብቱ ቀሩ። ጨብጠውኝ «በሰላም ግባ» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

በማግስቱ ስንመለስ ሹፌሩ በየማረፊያው እየቆመ፣ ቁጭ እያለ፣ የተቀበለውን አደረሰ። ገዋኔ፣ አዳይቱ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ። እኔ ጋቢና ከአጠገቡ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። ሰመራ ስንደርስ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። እንድሪስ ከሻይ ቤቱ ደጅ ላይ ሆኖ አየኝና ወንበር ሳበልኝ።

«መርሐባ! ከአዋሽ ነው አሉ የምትመጣው» አለኝ። «እስቲ ንገረኝ፣ የያሲን ነገር እንዴት ሆነ?»

«ሹፌሩን ጠይቀው» አልኩት።